የኤንኤፍኤል ድራፍት አሠራር፦ በሥራ አስኪያጁ ወንበር ለሚቀመጥ ሰው

በአሜሪካን ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ የሚወዳደሩት 32 ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በየዓመቱ በኤፕሪል ማብቂያ ላይ በተራ ይከፋፈላሉ። ድራፍት የሚባለው ይህ ሥርዓት 3 ቀን ይወስዳል፤ ሐሙስ ማታ 1ኛው ዙር፣ ዓርብ 2ኛውና 3ኛው፣ ቅዳሜ ደግሞ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ያሉት ዙሮች ይካሄዳሉ። በ2027 ሥርዓቱ ዋሽንግተን ውስጥ ናሽናል ሞል ላይ እንዲካሄድ ስለተወሰነ፣ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ነገሩ ደጁ ድረስ ይመጣለታል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ድራፍቱን በሥራ አስኪያጅ ዓይን ለመከታተል፣ ወይም ከጓደኞቹ ጋር የልምምድ ድራፍት ሲያካሂድ በቅጡ ለመወሰን ለሚፈልግ ሰው ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ሥራው ከመግባትዎ በፊት አንድ ነገር ይቀበሉ፤ የትኛው ወጣት ታላቅ ተጫዋች እንደሚሆን አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ቡድን የለም። ኬድ ማሴና የኋላው የኖቤል ተሸላሚ ሪቻርድ ታለር የብዙ ዓመታት ድራፍቶችን መርምረው፣ በአንድ የጨዋታ ቦታ ላይ ቀድሞ የተመረጠው ተጫዋች በዚያው ቦታ ከእርሱ ቀጥሎ ከተመረጠው የተሻለ ሆኖ የሚገኘው 52 በመቶ ያህል ጊዜ ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ሳንቲም ወርውሮ ከመወሰን ብዙም አይርቅም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ እሳሳታለሁ ብሎ የሚያስብ ሰው ጉዳቱን ለመቀነስ የሚያደርጋቸው ዝግጅቶች ናቸው።

አንደኛ ደረጃ፦ ተራዎችዎን ይቁጠሩ

የተራው ቅደም ተከተል የሚወጣው ካለፈው የውድድር ዘመን ውጤት ነው። ለፕሌይኦፍ፣ ማለትም ለጥሎ ማለፉ፣ ያልበቁት 18 ቡድኖች ከደካማው ጀምረው ከ1ኛ እስከ 18ኛ ይመርጣሉ፤ ለፕሌይኦፍ የደረሱት እንደ መውጫቸው ይከተላሉ፤ በፍጻሜው ጨዋታ በሱፐር ቦውል የተሸነፈው 31ኛ፣ ያሸነፈው 32ኛ ይሆናል። ሐሳቡ የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት የነበረው የቤርት ቤል ነው፤ ገንዘብ ያለው ቡድን ጥሩ ጥሩውን እየለቀመ ደካማውን ለዘለዓለም እንዳያደክመው ታስቦ የመጀመሪያው ድራፍት በ1936 ተካሄደ። በዚያ ድራፍት ከሁሉ ቀድሞ የተመረጠው ጄይ በርዋንገር በኤንኤፍኤል አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ፤ ሥርዓቱ ገና ከመነሻው በስሕተት ተመርቋል ማለት ይቻላል።

ከመደበኛዎቹ ተራዎች በተጨማሪ የማካካሻ ተራ የሚባል አለ። ውላቸው ያለቀ ጥሩ ተጫዋቾችን አጥቶ የዚያኑ ያህል ያላስፈረመ ቡድን፣ በቀጣዩ ዓመት ከ3ኛው እስከ 7ኛው ባሉት ዙሮች መጨረሻ ላይ ተጨማሪ ተራ ይሰጠዋል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ፍርፋሪ ይቆጥረዋል። ሆኖም ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ በ2000፣ በኋላ ከሊጉ ታላላቅ ኳስ ወርዋሪዎች አንዱ የሆነውን ቶም ብሬዲን የመረጠበት 199ኛው ተራ እንዲሁ በማካካሻ የተገኘ ነበር። ስለዚህ መዝገብዎን ሲያዘጋጁ የዚህን ዓመት ተራዎች ብቻ ሳይሆን የቀጣዩንም፣ የማካካሻዎቹንም በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ እጅዎ ላይ ያለው ገንዘብ ይህ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ክፍተትዎን ከድራፍቱ በፊት ይድፈኑ

በፋሲካ ዋዜማ፣ ቀኑ እየመሸ ሳለ በግ ተራ የወጣ ሰው ሻጩ የጠራውን ዋጋ ይከፍላል፤ በጉ ከሲታ መሆኑን እያየም ይገዛል። በድራፍቱ ምሽት የግራ ታክል (ኳስ ወርዋሪውን በግራ በኩል የሚጠብቅ ተጫዋች) የሌለው ቡድንም እንዲሁ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው ቀጣዩ ታክል ለ3ኛ ዙር የሚመጥን ቢሆንም በ1ኛው ዙር ይወስደዋል፤ ምክንያቱም ባዶ እጁን ወደ ቤቱ መግባት አይችልም።

መድኃኒቱ የሚገኘው ማርች ውስጥ፣ ውላቸው ያለቀ ተጫዋቾች ገበያ ሲከፈት ነው። በእያንዳንዱ የጨዋታ ቦታ ላይ፣ ኮከብ ባይሆንም እንኳ ነገ ጨዋታ ቢኖር ሜዳ ገብቶ የማያሳፍር አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውል ያስፈርሙ። ይህን ሲያደርጉ ግን ውድ ውል ካሰሩ የማካካሻ ተራዎን ሊያሳጣዎት እንደሚችል ያስሉ። ዓላማው ቡድኑን በዚህ መንገድ መገንባት ሳይሆን፣ በኤፕሪል መገደድን ማስቀረት ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ መረጃውን በተለያዩ ሰዎች ያሰባስቡ

ለድራፍት ብቁ የሚሆነው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ካጠናቀቀ 3 ዓመት ያለፈው ተጫዋች ነው። መልማዮች ወደ ኮሌጆቹ ሄደው ልምምዱን ያያሉ፣ አሠልጣኞቹን ያነጋግራሉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የጨዋታ ምስሎቹን ደጋግመው ይመለከታሉ። ከዚያም በፌብሩዋሪ ማብቂያ ገደማ ከ300 በላይ የሚሆኑ ተጋባዦች ኢንዲያናፖሊስ ላይ በሚካሄደው ኮምባይን ይለካሉ፤ 40 ያርድ፣ ማለትም 36 ሜትር ተኩል ያህል፣ ሲሮጡ ሰዓት ይያዝባቸዋል፣ ይዘላሉ፣ ክብደት ይገፋሉ። ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው ሩጫውን ነው፤ ለቡድኖቹ ግን ከሩጫው ይልቅ የሚጠቅመው ዶክተሮቻቸው ጉልበቱን፣ ትከሻውንና አከርካሪውን የሚመረምሩበት ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ የሚጠበቀው ጥንቃቄ አንድ ነው። መልማዮችዎ ነጥባቸውን ለየብቻ ጽፈው ከማስረከባቸው በፊት ስለ ተጫዋቹ እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ ያድርጉ። ዋና አሠልጣኙ በስብሰባው መጀመሪያ ላይ «ይህ ልጅ ደስ ብሎኛል» ካለ፣ ከዚያ በኋላ የሚሰሙት 10 አስተያየት ሳይሆን የአንዱ አስተያየት 10 ግልባጭ ይሆናል።

አራተኛ ደረጃ፦ ሰሌዳውን በእርከን ያዘጋጁ

የዝግጅቱ ሁሉ ውጤት ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ በስክሪን የሚታይ ሰሌዳ ነው። ወደ ጎን የጨዋታ ቦታዎቹ ይደረደራሉ፤ ወደ ታች ደግሞ ተጫዋቾቹ እንደ ነጥባቸው ይወርዳሉ። ጀማሪ የሚሳሳተው ስሞቹን ከ1 እስከ 150 በነጠላ ሲደረድር ነው፤ ያን 52 በመቶ ያስታወሰ ሰው በ14ኛውና በ15ኛው ስም መካከል ያለው ልዩነት የወረቀት ልዩነት መሆኑን ያውቃልና። ስለዚህ በእርከን ይሥሩ። በአንደኛው እርከን ለዓመታት የቡድኑ ምሰሶ ይሆናሉ ብለው የሚያምኑባቸውን፣ በሁለተኛው በመጀመሪያው ዓመት ቋሚ ተሰላፊ የሚሆኑትን፣ በሦስተኛው ጊዜ የሚፈልጉትን ያስቀምጡ፤ በአንድ እርከን ውስጥ ያሉትን እኩል ይቁጠሯቸው። በ1ኛው ዙር 32 ምርጫ አለ ማለት የ1ኛ ዙር ሰው 32 አለ ማለት አይደለም፤ በብዙ ዓመታት የእውነተኛዎቹ ቁጥር ከዚያ ያንሳል።

በእርከኑ ውስጥ የጨዋታ ቦታው ዋጋ ይግባ። ከ2011 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የደመወዝ ደንብ፣ የተመረጠ ተጫዋች የሚያገኘው ክፍያ በአመዛኙ በተራው ቁጥር የተወሰነ ነው፤ ኳርተርባክም (ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ሆነ ሩኒንግ ባክ (ኳስ ይዞ የሚሮጠው) በአንድ ተራ ቢመረጡ የሚከፈላቸው ተመሳሳይ ነው። በገበያው ላይ ግን ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ኳርተርባኩ ኬሌብ ዊሊያምስ በ2024 ከሁሉ ቀድሞ ሲመረጥ የፈረመው ውል ለ4 ዓመት በድምሩ 39 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ነባሩ ኳርተርባክ ዳክ ፕሬስኮት በዚያው ዓመት ያሰረው ውል በአማካይ ለአንድ ዓመት ብቻ 60 ሚሊዮን ዶላር ያስገኝለታል። ስለዚህ ሁለት ተጫዋቾች በአንድ እርከን ሲገኙ፣ በገበያ ላይ ውድ በሆነው ቦታ የሚጫወተውን ይምረጡ፤ እርሱም ኳርተርባክ፣ ኳርተርባኩን የሚጠብቅ ታክል፣ ኳርተርባኩን የሚያሳድድ ተከላካይ፣ ኳስ ተቀባይ ወይም ተቀባዩን የሚከላከል ኮርነርባክ ነው። ዋጋው ግን እርከን አያዘልል። ዲትሮይት ላየንስ በ2023 ሩኒንግ ባኩን ጃሚር ጊብስን በ12ኛው ተራ ሲመርጥ ብዙ ተንታኝ ለዚያ ቦታ ይህን ያህል አይከፈልም ብሎ ነቅፎት ነበር፤ ልጁ ግን ነቃፊዎቹን ዝም አሰኝቷል።

የሰሌዳ ታማኝነት ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ የባልቲሞርን 1996 ይመልከት። ቡድኑ ከክሊቭላንድ ተዛውሮ በመጀመሪያው ድራፍቱ 4ኛው ተራ ሲደርሰው ያስፈልገው የነበረው ሩኒንግ ባክ ነበር፤ ሎውረንስ ፊሊፕስ የሚባል ስሙ የገነነ ልጅም ገና አልተነካም። የግራ ታክል ቦታ ግን ቶኒ ጆንስ ነበረበት። የቡድኑን ምርጫ የሚመራው ኦዚ ኒውሰም ሰሌዳው ላይ ከፍ ብሎ የቆመውን ታክል ጆናታን ኦግደንን መረጠ፤ ኦግደንም የመጀመሪያ ዓመቱን ከጆንስ ጎን በጋርድ፣ ማለትም ከታክሉ ወደ ውስጥ ባለው ቦታ፣ ተጫወተ። በዚያው ዙር በ26ኛው ተራ ሬይ ሉዊስን ጨመረ። ሁለቱም ዛሬ በዝና አዳራሽ ናቸው፤ ፊሊፕስ ግን በሊጉ ብዙ አልቆየም።

አምስተኛ ደረጃ፦ ተራ ይሽጡ፣ ተራ ይግዙ፣ ግን በሒሳብ

ቡድኖች ተራ ይለዋወጣሉ፤ ለዚህም መለኪያ ያስፈልጋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጂሚ ጆንሰን ያሠለጠነው ዳላስ ካውቦይስ ለእያንዳንዱ ተራ ነጥብ የሰጠበት ሠንጠረዥ ዛሬም እንደ መነሻ ያገለግላል። በዚያ መሠረት 1ኛው ተራ 3000፣ 2ኛው 2600፣ 10ኛው 1300፣ 16ኛው 1000፣ 32ኛው 590 ነጥብ አለው። ቡድኖች ዛሬ የየራሳቸው ሠንጠረዥ አላቸው፤ አብዛኞቹ ለላይኛዎቹ ተራዎች ከዳላስ ያነሰ ዋጋ ይሰጣሉ። እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ።

ሠንጠረዡን ከእርከኑ ጋር ሲያጋጥሙት ሥራው ይቀላል። ለምሳሌ በ16ኛው ተራ ላይ ነዎት፤ ሰሌዳው ላይ በአንድ እርከን ያሉ 6 ተጫዋቾች ቀርተዋል። ወደ 21ኛው ቢወርዱ ከፊትዎ የሚመርጡት 5 ቡድኖች ናቸው፤ ሁሉም ከእርስዎ እርከን ቢወስዱ እንኳ አንዱ ይተርፍልዎታል። 21ኛው ተራ 800 ነጥብ ስለሆነ ልዩነቱ 200 ነው፤ ይህም የ78ኛው ተራ፣ ማለትም የ3ኛ ዙር አጋማሽ ዋጋ ነው። ከሰሌዳዎ ምንም ሳያጡ አንድ ተጨማሪ ሰው አገኙ ማለት ነው። በእርከኑ የቀረው አንድ ብቻ ከሆነ ግን አይውረዱ።

ሌላው ጥቅም የሚገኘው ከሰው ትዕግሥት ማጣት ነው። በድራፍቱ ምሽት አንዱ ቡድን በአንድ ተጫዋች ፍቅር ይወድቅና የዚህን ዓመት የ2ኛ ዙር ተራ ለማግኘት የሚመጣውን ዓመት የ1ኛ ዙር ተራ ይሰጣል። ስልኩ ሲደወል ሻጩ እርስዎ ይሁኑ። ዓመቱ እንደሆነ ይደርሳል፤ ተራው ደግሞ ያ ቡድን ቢሸነፍ ከፍ ይላል።

ወደ ላይ መግዛትን በተመለከተ፣ የኒው ኦርሊንስን 1999 ሳያስታውሱ ስልክ አያንሡ። አሠልጣኙ ማይክ ዲትካ አንድ ሩኒንግ ባክ፣ ሪኪ ዊሊያምስን፣ በ5ኛው ተራ ለመምረጥ ሲል የዚያን ዓመት የቡድኑን ተራዎች በሙሉ፣ በዚያም ላይ የቀጣዩን ዓመት 1ኛና 3ኛ ዙር ተራዎች ሰጠ። ቡድኑ 3 አሸንፎ 13 ተሸነፈ፤ ዲትካም ተሰናበተ። ልጁ መጥፎ ተጫዋች አልነበረም። ጥፋቱ አንድ ሰው ቢሰበር የሚተካው እንዳይኖር ተደርጎ መገዛቱ ነው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ የኳርተርባኩን ጉዳይ ለብቻው ይዩት

እስካሁን የተባለውን ደንብ ሁሉ ኳርተርባክ ያፈርሰዋል፤ ያለ እርሱ ቡድን የለምና። ስለዚህ ጥያቄው «ወደ ላይ ልግዛ ወይስ አልግዛ» ሳይሆን «ምን ያህል ብከፍል ነው ልጁ ቢከሽፍም ቤቴ የማይፈርሰው» የሚል ነው።

በ2017 ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ከ27ኛው ተራ ወደ 10ኛው ወጥቶ በኋላ ለሻምፒዮንነት ያበቃውን ፓትሪክ ማሆምስን ሲመርጥ ለበፋሎ ቢልስ የሰጠው 27ኛውን፣ 91ኛውንና የ2018ን የ1ኛ ዙር ተራውን ነበር። በዳላስ ሠንጠረዥ 10ኛው 1300፣ 27ኛው 680፣ 91ኛው 136 ነው፤ ስለዚህ የቀጣዩ ዓመት ተራ የሸፈነው 484 ነጥብ ነው። ከባድ ነው፤ ግን የሚቻል ነው። ከዚህም በላይ ቡድኑ አሸናፊ ስለነበር የሚሰጠው የቀጣይ ዓመት ተራ ዝቅ ያለ እንደሚሆን መገመት ይችል ነበር፤ አሌክስ ስሚዝ የሚባል የሚሠራ ኳርተርባክም ስለነበረው ማሆምስ የመጀመሪያውን ዓመት ከአንድ ጨዋታ በቀር በመማር አሳለፈ።

ተቃራኒው የካሮላይና ፓንተርስ 2023 ነው። ከቺካጎ ቤርስ 1ኛውን ተራ ለመውሰድ 9ኛውን፣ 61ኛውን፣ የ2024ን 1ኛ ዙር፣ የ2025ን 2ኛ ዙር፣ በላዩም ምርጥ ኳስ ተቀባዩን ዲ.ጄ. ሙርን ሰጠና ብራይስ ያንግን መረጠ። ልጁ ኳስ የሚወረውርለትን ዋነኛ ሰው ለልጁ ማግኛ መክፈል ምን ዓይነት ሒሳብ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ካሮላይና በዚያ ዓመት 2 አሸንፎ 15 ተሸነፈ፤ የተሰጠው የ2024 ተራም ከሁሉ የመጀመሪያው ሆነና ቺካጎ ኬሌብ ዊሊያምስን መረጠበት። ሂውስተን ደግሞ በ2ኛው ተራ የወሰደው ሲ.ጄ. ስትራውድ የዓመቱ ምርጥ አዲስ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ።

ከሁለቱ የሚወጣው አሠራር ይህ ነው። ደካማ ቡድን የወደፊት የ1ኛ ዙር ተራውን በርካሽ አይስጥ፤ ያ ተራ ከሚመስለው በላይ ውድ ነው። ለኳርተርባኩ ጥበቃና ተቀባይ አስቀድመው ያዘጋጁ። በየ2 ወይም 3 ዓመቱ ደግሞ በታችኛዎቹ ዙሮች አንድ ኳርተርባክ ይጨምሩ። ሳን ፍራንሲስኮ በ2021 ለትሬይ ላንስ ሦስት የ1ኛ ዙር ተራዎችን ከፍሎ ያልሆነለትን፣ በ2022 በመጨረሻው በ262ኛው ተራ የመረጠው ብሮክ ፐርዲ ሞላለት፤ ቡድኑንም እስከ ሱፐር ቦውል አደረሰ።

ሰባተኛ ደረጃ፦ የምሽቱን ሥራ አስቀድመው ይጨርሱ

ለአንድ ምርጫ የሚሰጠው ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው፤ ለብዙ ዓመታት በ1ኛው ዙር 10 ደቂቃ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለ ተጫዋች መከራከር አይቻልም። ሐሙስ ከመድረሱ በፊት «እገሌና እገሌ ከሄዱ ማንን እንወስዳለን፣ ማን ቢደውል በስንት እንወርዳለን» የሚለውን በልምምድ 20 ጊዜ ይጫወቱት፤ ውሳኔ የሚሰጠው ሰው አንድ ይሁን፤ ስልክ የሚያነሣው ሌላ፣ ሰዓት የሚከታተለው ሌላ ይሁን።

ይህ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ የመሰለው የ2003ን ያስታውስ። ሚኒሶታ ቫይኪንግስ በ7ኛው ተራ ላይ ሆኖ ከባልቲሞር ጋር ልውውጥ ሊያደርግ ሲነጋገር ስምምነቱ ለሊጉ ባለሥልጣናት በወቅቱ ሳይረጋገጥ ሰዓቱ አለቀበት። ሰዓት ያለፈበት ቡድን ተራውን ባያጣም የሚቀጥለው እንዳይቀድመው የሚከለክል ነገር የለም። ጃክሰንቪል ወዲያው ካርዱን አስገብቶ ባይሮን ሌፍትዊችን፣ ካሮላይና ተከትሎ ጆርዳን ግሮስን ወሰዱ፤ ሚኒሶታ በ9ኛነት ኬቨን ዊሊያምስን መረጠ። ዊሊያምስ በቦታው ከምርጦቹ አንዱ ስለሆነ ነገሩ በሣቅ አለፈ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የዘገየም እንዲሁ መልቀሙ አይቀርም፤ ሚኒሶታ የፈሰሰውን ሙሉውን ማግኘቱ ዕድል ነው።

ስሙን ከማስገባትዎ በፊት ለተጫዋቹ ይደውሉ፤ በዚያች ሰዓት ጤነኛ መሆኑንና አዲስ ነገር አለመፈጠሩን ከራሱ አፍ ይስሙ።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ቅዳሜንና ከቅዳሜ ማታ በኋላ ያለውን ሰዓት አይናቁ

ከ4ኛው ዙር በኋላ ቋሚ ተሰላፊ መፈለግ ይቁም። አንድ ጎልቶ የሚታይ ችሎታ ያለው፣ ፍጥነትም ይሁን ቁመት ወይም የልዩ ቡድን (ኳስ በእግር ሲመታ የሚሰለፈው) ሥራ፣ ሌላው የጎደለው ይበቃል። 7ኛው ዙር እንዳለቀ ያልተመረጡትን ማስፈረም ይጀመራል፤ እዚህ ላይ ተጫዋቹ ነው የሚመርጠው። ስለዚህ መልማዮችዎ ሳምንት ቀደም ብለው ከወኪሎች ጋር ይነጋገሩ፤ ቡድንዎ በዚያ ቦታ ስንት ሰው እንዳለው በሐቅ ይንገሯቸው። ኩርት ዋርነር በ1994 ማንም ሳይመርጠው ቀርቶ በ1999 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆኗል።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ ምክንያትዎን ይጻፉና ያሽጉ

ሰኞ ጠዋት ጋዜጠኞች ለእያንዳንዱ ቡድን ነጥብ ይሰጣሉ፤ አይዩት። በምትኩ በዚያው ሳምንት ለእያንዳንዱ ምርጫ ለምን እንደመረጡት፣ ማንን ትተው እንደመረጡት፣ ምን ያሠጋዎት እንደነበር በአንድ ገጽ ጽፈው ያስቀምጡ። ፓትሪየትስ በ2000 ከብሬዲ በፊት 6 ሌሎች ተጫዋቾችን መርጦ ነበር፤ ማንነቱን ቢያውቅ ኖሮ እስከ 199 አይጠብቅም ነበርና፣ ውጤቱ ያማረ ምርጫ ሁሉ ከጥሩ ምክንያት የመጣ አይደለም። ወረቀቱን የሚከፍቱት ከ3 የውድድር ዘመን በኋላ፣ በሜይ መጀመሪያ ላይ ይሁን፤ ያን ጊዜ የ1ኛ ዙር ተጫዋችዎን ውል ለ5ኛ ዓመት ማራዘም አለማራዘምዎን ለሊጉ ማሳወቅ ስላለብዎት፣ ያኔ ያመኑትንና በኋላ ያዩትን ጎን ለጎን አድርገው ማንበብዎ የግድ ይሆናል።